ባለ ሁለት ቀለበቱ ቀበቶ

የወንድሜ ሚስት ፎቅ ላይ ተንጠልጥላ ግድግዳ ትቀባለች። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ዓይኑን ያፈጥብኛል። "ሴት ልጅ?" ይላሉ። አዎ፣ ሴት ልጅ! ምን ላድርጋችሁ፣ ወንዱ እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ አምፖል ለመቀየር ወንበር ላይ ስወጣ ወንበሩን የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ስለዚህ እሷ ላይ ትሰቀላለች፣ እኔ ታች ሆኜ ባልዲ እሞላለሁ፣ ገመድ እጎትታለሁ፣ መንገደኛውንም "ራቅ በል ወንድሜ፣ በኋላ ዝንጉርጉር ሆነህ ቤትህ ብትገባ እኔ የለሁበትም" እያልኩ እጮህበታለሁ።

ሥራ ቦታ ጦጢት ነው የምትባለው። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ አልተቀየመችም። ታናሽ ወንድሜ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው፤ እሷም ቤት ቁጭ ብሎ መጠበቅ አልሆነላትም። መጀመሪያ የተቀጠረችው አዲስ የሚሠራ ፎቅ ውስጥ ፍርስራሽ ልትጠርግ ነበር። አንድ ቀን ቀቢው ግማሽ መንገድ ላይ ራሱን አዞረውና "አውርዱኝ!" ብሎ አለቀሰ። አለቃው ሲራገም እሷ መጥረጊያዋን ጥላ "እኔ ልሞክረው?" አለች። ሳቁባት። ወጣች። አለቃው የቀባችውን ግድግዳ ካየ በኋላ መጥረጊያውን ለሌላ ሰው ሰጠው።

ከዚያ ወዲያማ ላይ መሆን ቤቷ ሆነ፤ እየዘፈነች ነው የምትቀባው። ከመስታወቱ ጀርባ ማን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚያንቀላፋ፣ ማን ከአለቃው ተደብቆ ምሳውን በጠዋት እንደሚጨርስ ታውቃለች። ወርዳ ስትነግረኝ በሳቅ እፈርሳለሁ። አንጋጥጬ ሳያት ግን "ኧረ ቀስ በይ!" እላለሁ። "ጋሼ፣ አንገትህ እንዳይቀጭ፤ ዝም ብለህ ባልዲውን ሙላ" ትለኛለች ከላይ። ፍርሃት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም ነበር።

አሠራሩን ልንገራችሁ። ከጣሪያው ላይ በሁለት ገመድ ጣውላ ይወርዳል፤ ቀቢው እሱ ላይ ይቀመጣል። ሌላ ገመድ ደግሞ ለብቻው ይወርድና ወገብና ትከሻ ላይ ከሚታሰረው የደህንነት ቀበቶ ጋር ይያያዛል። ጣውላው ቢከዳ ቀበቶው ይይዛል። ጥግ ለመድረስ ከጣውላው ወጣ ሲባልም ክብደት ሁሉ የሚጣለው ቀበቶው ላይ ነው። በዚህ ሥራ ሰው የተቀደደ ጫማ ያደርጋል፣ በቀበቶ ግን አይቀልድም። ሁሉም የሚያምነው ዘለበቱ ላይ የሁለት የተቆላለፉ ቀለበቶች ምልክት ያለበትን ነው። የጦጢት የመጀመሪያ ቀበቶ እሱ ነበር፤ ለዓመታት አገልግሏት ጠርዙ ሲተለተል ያንኑ ዓይነት አዲስ ፈለገች።

የሕንፃ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ባለሱቅ አለ። በራፉ ላይ የሰቀለው ማስታወቂያ ከሱቁ ይበልጣል፦ "ዋናው ባለ ሁለት ቀለበት፣ በቀጥታ ከፋብሪካው።" በስልክም ቪዲዮ ይለቃል፤ ቀበቶውን በሁለት እጁ እየሳበ "ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ሌላ ቦታ ያለው ሁሉ ፎርጅድ ነው!" ይላል። ለሰውዬው መሐላ እንደ ሰላምታ ነው። ጦጢት ከእሱ ገዛች። ደስ ስላላትም ወዲያው ለዝምታው ደወለችለት።

ዝምታው ከእኛ ጋር ይሠራ የነበረ ልጅ ነው። ሥራውን ያስተማረችው እሷ ናት። ስሙ ላይ እንደምታዩት ነው፤ ቀኑን ሙሉ አብራችሁት ውላችሁ ከአፉ የሚወጣው "እሺ" ብቻ ነው። አግብቶ ሚስቱ ስታረግዝ ሰፈር ቀየረ፣ ለብቻውም የፎቅ መስታወት ማጠብ ጀመረ። "ያንተም ቀበቶ አርጅቷል፤ ሂድና ከእሱ ግዛ፣ ዋናው ነው" አለችው። "እሺ" አለ። በስልክ አዝዞም ገዛ።

አሁን የኛን ሰዎች ልማድ ስሙ። ቀቢ አዲስ ቀበቶ ሲገዛ መጀመሪያ የሚያደርገው ቀለም መቀባት ነው። ዕቃችን አንድ ክፍል ውስጥ ስለሚቀመጥ እንዳይምታታ ሁሉም የራሱ ቀለም አለው፤ የጦጢት ቀይ፣ የዝምታው አረንጓዴ። ከዘለበቱ እስከ ስፌቱ ጥርግ አድርገው ይቀቡታል። ማን "አትቀቡ" ብሎን ያውቃል? ቀቢ ነን፣ ያየነውን ሁሉ እንቀባለን።

አዲሱን ቀበቶ ታጥቃ ብዙም አልሠራችም። አንድ ጠዋት ከፍ ያለ ፎቅ ላይ ሆና ጥጉን ለመንካት ከጣውላው ወጣ ብላ ተደገፈች። እኔ ታች ነኝ። ብሩሹ መጀመሪያ ወደቀ። ቀና ስል እሷ ከነበረችበት ዝቅ ብላ በአንድ እጇ የጣውላውን ገመድ ይዛለች። አልጮኸችም። እሷ ዝም ስትል ነው ነፍሴ የወጣችው። "ያዢ!" ብዬ ጮህኩ፤ ምን እንደምትይዝ እኔ ምን አውቄ! እየተሳበች ጣውላው ላይ ወጣች፣ ቀስ ብላ ወረደች፣ መሬት ላይ ስትደርስ ቁጭ አለች። የትከሻው ስፌት ተተርትሮ ክሩ እንደ ፀጉር ወጥቷል።

ውኃ ሰጠኋት። ብርጭቆውን ተቀብላ ጀርባዋን ለፎቁ ሰጠች። ያቺ ላይ ሆና የምትዘፍን ሴት!

"ጋሼ" አለች፣ "ዝምታው።"

ወዲያው ገባኝ፤ እሱም ከዚያው ሱቅ ነው የገዛው። ስልኳን አውጥታ ደወለች። "የደወሉላቸው ደንበኛ አገልግሎት ላይ አይደሉም" አለች ማሽኗ። ልጁ ቁጥር ቀይሯል። የድሮ አከራዩ ጋ ሄድን፤ የት እንደገባ አያውቁም። ለብቻው ስለሚሠራ የትኛው ፎቅ ላይ እንደዋለ የሚነግረን አለቃም የለውም። ከተማውን በእግራችን ዞርን፤ ፎቅ ባየን ቁጥር ቆመን እናንጋጥጣለን።  ሰው ሲያየን ወፍ የምንቆጥር ይመስለዋል።

ማታውን ቀበቶዋን አምጥታ ጨርቅ ቀለም ማስለቀቂያ ቲነር ውስጥ ነክራ ዘለበቱን አሸችው። ቀዩ ቀለም ለቀቀ። ከቀዩ ጋር ሁለቱ ቀለበቶችም ለቀቁ። ጨርቁ ላይ ቀሩ። የድሮውን ቀበቶዋን አመጣንና እሱንም አሸነው፤ የዚያኛው ቀለበቶች ብረቱ ውስጥ ተቀርጸዋል፣ በጥፍር ይዳሰሳሉ። የአዲሱ ግን ዘለበት ልሙጥ ብረት ነው፣ ስም የለው፣ ምልክት የለው።  ስንት ጊዜ ነው በዚህ ነገር ታስራ ቁልቁል እያየች የዘፈነችው?

በነጋታው ሱቁ ጋ ሄድን። ባለሱቁ ቀበቶውን አገላብጦ አየና ሳቀ።

"እህቴ፣ ይሄን እኮ በቀለም አበላሸሽው! ቀለም ክር እንደሚያቃጥል አታውቂም? በላዩ ላይ ቲነር! ቲነር እንኳን ምልክት የኔንም ፊት ያጠፋል።" ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን በጣቱ አሳየን፦ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።

ጦጢት ፊቷ አመድ መሰለ። ምን እንዳሰበች አወቅሁ። ቀለሙ ከሆነ ጥፋቱ የራሷ ነው፤ ዝምታውንም ቀበቶህን ቅባ ብላ ያስተማረችው እሷ ናት።

"ገንዘቤን ተወው" አለች። "ከአንተ የገዛ አንድ ልጅ አለ፣ ዝምተኛ፣ ቀጭን። በስልክ አዝዞህ ነው የወሰደው፤ አዲሱ ቁጥሩ አንተ ጋ ይኖራል። ቁጥሩን ብቻ ስጠኝ።"

"ደንበኞቼን እየደወልሽ ልታሸሺብኝ? አይ እህቴ!"

"ልጁ ይሞታል እኮ!"

"ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ዕቃዬ ዋናው ነው። ማንም አይሞትም።"

እኔ ቱግ አልኩ። ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፈውም፤ እናቱ ትሰማው ይሆናል። የሱቁ ጠባቂ ገፍቶ አስወጣን።

ከዚያ የሸማቾች ጉዳይ ቢሮ ሄድን። መኮንን መስላ የምታስፈራ ሴት ትገጥመኛለች ብዬ ነበር፤ የገጠመችን ጉንፋን የያዛት፣ አፍንጫዋን እየጠራረገች የምታዳምጥ ልጅ ናት። ጦጢት ሁሉንም ነገረቻት፣ ቀለም መቀባቷንም አልደበቀችም። እኔ ከጠረጴዛው ሥር እግሯን ነካ ነካ አደረግኋት፤ ከቁብ አልቆጠረችኝም።

"ቀለሙ ስፌቱን ጎድቶት ይሆናል፣ ላይሆንም ይችላል" አለች ልጅቷ። "እሱን ባለሙያ ያያል። ግን ያንቺ አቤቱታ ቀበቶው ተበላሸብኝ አይደለም። የተባለው ዕቃ አይደለም ነው። በስም ጠርቶ አስተዋውቆ ሌላ ዕቃ ከሰጠሽ፣ ብትቀቢውም ባትቀቢውም ያንን አልሸጠልሽም። ከፋብሪካው እንደመጣ ማሳየት የእሱ ፋንታ ነው። አይመለስም ብሎ ግድግዳ ላይ ስለለጠፈ ደግሞ መብትሽ አይቀርም።"

ጦጢት ዓይኗ ዕንባ አቀረረ። "ታዲያ ዛሬ ቁጥሩን ያስሰጡኛል?"

"ዛሬ መሸጡን እንዲያቆም አዘዋለሁ። መርማሪ የሚሄደው ግን በሚቀጥለው ሳምንት ነው።"

በሚቀጥለው ሳምንት! ልጅቷ ምን ታድርግ፣ ወዲያው ስልክ አንስታ ለባለሱቁ ደወለች፣ ኮስተር ብላም ነገረችው። ነገር ግን ፀሐይ ወጥታለች፣ መስታወት የሚታጠበው በእንዲህ ያለ ቀን ነው። ከቢሮው ስንወጣ ጦጢት ደረጃው አናት ላይ ቆማ መደገፊያውን ብረት ጨበጠች። ቁልቁል ማየት አቅቷት ነው። እኔ፣ እኔ ፈሪው፣ እጇን ይዤ ደረጃ አወረድኳት።

"ወደ ሱቁ እንመለስ" አለች። "እግሩ ላይ እወድቃለሁ።"

ባለሱቁ በንዴት ፊቱ ቀልቶ ጠበቀን። ሱቁ በገበያተኛ ሞልቷል። "መጡ! ስሜን በመንግሥት ቢሮ ያጠፉት መጡ!" ብሎ ጮኸ። ወዲያው ከመደርደሪያው ላይ አንድ አዲስ ቀበቶ መንጭቆ አወረደ፤ ቀለም ያልነካው፣ ከነላስቲኩ። "አሁን ሁላችሁም እዩ! እኔ ራሴ እሰቀልበታለሁ!"

"ኧረ ተው" አለች ጦጢት።

"ምነው? ፈራሽ?"

"አዎ፣ ፈራሁ። በፈጠረህ ተው።"

አልሰማትም። ወፍራም ሰው ነው፣ እየተነፈሰ ታጠቀው። በመጋዘኑ በኩል ዕቃ ማንጠልጠያ የብረት ወጋግራ አለ፤ ደረጃውን ይዞ ወደ ላይኛው ወለል ሊወጣ ሲል ጦጢት እጁን በሁለት እጇ ያዘችው። "እዚህ! ከወንበር ላይ! ከዚያ በላይ ከሄድክ እጅህን አልለቅም።" በእንዲህ ያለ ዓይን አይታ አታውቅም፤ እሱም ደነገጠ መሰለኝ፣ ወንበር አስመጣ። ገመዱን ወጋግራው ላይ አሰሩለት። ወንበሩን በእግሩ ገፋ።

ያዘው። ተንጠልጥሎ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ። "አያችሁ?" አለ እየሳቀ። ገበያተኛው አጨበጨበ። ጦጢት ግን ፊቱን ሳይሆን ትከሻውን ነበር የምታየው። ሰውዬው ለማሳመር አንድ ጊዜ ነጠር አለ።

ስፌቱ ሲቀደድ ድምፁ ጨርቅ እየተቀደደ እንደሚሸጥበት ቤት ነው። ሲሚንቶው ላይ ዘጭ አለ። ማንም አልሳቀም። ከወንበር ከፍታ ስለሆነ የተጎዳው ክንዱ ብቻ ነው፤ ግን ቁጭ ብሎ እጁ ላይ የቀረውን ዘለበት እያየ ቀረ። ቀለም አልነካውም። ቲነር አልነካውም። 

"ያመጣልኝ ሰውዬ... ከፋብሪካው ነው ብሎ..." አለ። ቀጥሎም፣ ለራሱ የሚያወራ ያህል፣ "እኔ ለስንት ሰው ነው የሸጥኩት?" አለ።

"መጀመሪያ ልጁን!" ጮኸች ጦጢት።

ስልኩን ከኪሱ ለማውጣት እጁ አልታዘዝ አለው፤ እኔ አወጣሁለት፣ ቁጥሩን እሱ ፈለገ። ድምፁን ከፍ አድርገን ደወልን። ጠራ። ጠራ። ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ። ባለሱቁ "አያነሳም" ሲል ጦጢት ጉንጯን ቧጠጠች። እንደገና ደወልን።

"አቤት" አለ ዝምታው። ከኋላው ነፋስ ይሰማል።

"የት ነህ?" አለችው።

"እትዬ? ላይ ነኝ። ጨርሼ ልደውል?"

ባለሱቁ በደህናው እጁ አፉን ያዘ። እኔ ግድግዳውን ተደገፍኩ። ጦጢት ግን ዓይኗን ጨፈነች፣ ድምጿም ተለወጠ፤ ሥራ ስታስተምረው የነበረው ድምፅ ሆነ።

"አትዝጋው። ማዳመጫው ጆሮህ ላይ ነው?"

"አዎ።"

"ጣውላው ላይ ቁጭ ብለሃል?"

"አዎ። ወደ ጥጉ ልወጣ ነበር።"

"አትውጣ! ስማኝ፣ ቀበቶው አይይዝህም። የለም በለው። ወደ ኋላ እንዳትደገፍበት። ሁለቱን የጣውላ ገመድ በሁለት ክንድህ እቀፋቸው። አቀፍክ?"

 ነፋሱ ብቻ ይሰማል። 

"አቅፌያለሁ" አለ።

"ቁልቁል አትይ። ከፊትህ መስኮት አለ? ውስጥ ሰው አለ?"

"አንዲት ሴትዮ አለች።"

"በጉልበትህ መስታወቱን ምታው። በእጅህ አይደለም፣ በጉልበትህ። እጅህ ገመዱን አይልቀቅ። መስኮቱን ትክፈትልህ።"

ኳ ኳ ኳ ሲል ሰማን። የሴትዮዋ ድምፅ መጣ፣ መስታወት ሲንሸራተት ተሰማ፣ "ወይኔ፣ ምን ሆነሃል?" አለች ከሩቅ።

"ሴትዮዋ ክንድህን ትያዝ። ሌላም ሰው ትጥራ። ሁለት ሰው ሳይይዝህ እግርህን አታንሳ፣ ገባህ?"

"እሺ" አለ።

ከዚህ በኋላ የሰማነው ትርምስ ነው። ወንበር ተጎተተ፣ ወንዶች ተጯጯሁ፣ አንዱ "ያዘው! ሸሚዙን ያዘው!" አለ። አንድ ነገር ብረት ላይ ሲመታ ተሰማ። ሴትዮዋ ጮኸች። ጦጢት ስልኩን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ጨብጣ ከንፈሯ ያለድምፅ ይንቀሳቀሳል። እኔ እግዜርን ለመጥራት ፈልጌ የመጣልኝ የወንድሜ ስም ነው፤ ድንጋጤ እንዲህ ያደርጋል።

"እትዬ" አለ ዝምታው። ያለከልካል።

"ገባህ? ውስጥ ነህ?"

"ወለሉ ላይ ነኝ።"

"ተመስገን... ተመስገን። በል አሁን ያንን ቀበቶ ፍታና ጣለው። ሁለተኛ እንዳትነካው።"

"ምኑን ልፍታው፣ እትዬ?" አለ። "የለም እኮ። እግሬን ሳነሳ ትከሻዬ ላይ ተቀደደና ገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። በክንዴ ነው ጎትተው ያስገቡኝ።"

ጦጢት ስልኩን ለኔ ዘረጋችልኝ፤ እኔም ተቀብዬ ለባለሱቁ ዘረጋሁለት። ባለሱቁ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጦ የተሰበረ ክንዱን ታቅፎ ያለቅሳል።

"ሄሎ?" አለ ዝምታው ከስልኩ ውስጥ። "እትዬ? አላችሁ? ኧረ የሆነ ሰው ያናግረኝ፣ ፈራሁ እኮ! ሄሎ?"